«አርፋለች» የተባልኩበት የበረዶ ቀን

ልጄ ሕፃን ሳለች ሁለት ጊዜ የሳምባ ምች ይዟት ተርፋለች። በሁለተኛው ጊዜ ሐኪም ቤት ብዙ ቀን ተኝተን ነበር። አጠገባችን ባለው አልጋ ላይ የነበረ የሌላ እናት ልጅ ሲሞት አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ብርድ ጠላቴ ነው። ልጄ ጥላ ሥር ስትቀመጥ እንኳ «ከዚያ ተነሺ» እላታለሁ። ጎረቤቶቼ ይስቁብኝ ነበር። ባለቤቴ ገበያ ዳር አንድ በረንዳ ላይ የስፌት መኪና ዘርግቶ ልብስ የሚሰፋ፣ ቀልድ የሚወድ ሰው ነው። «ልጅቷን ጥቅል ጎመን አደረግሻት፤ አንድ ቀን ስንልጥ ስንልጥ ውለን ውስጧን እናጣታለን» ይለኛል።

ቀዩን ሹራብ የሠራሁላት እኔ ነኝ። የአባቷን አሮጌ ሹራብ ፈትቼ፣ ክሩን አጥቤ፣ ክረምቱን ሙሉ ስሠራው ከረምኩ። እስከ አንገት የሚደርስ ስድስት ቁልፍ አለው። ስድስተኛው ቁልፍ ሁልጊዜ ያጣላናል። እኔ እዘጋለሁ፣ እሷ ከበር ስትወጣ ትከፍታለች።

ያን ጊዜ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ ስድስተኛ ክፍል። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ነው። እሷ አምስተኛ እስክትገባ ድረስ በክርክር እረታት ነበር። ከዚያ በኋላ ግን የምትናገረው ሁሉ ከመጽሐፍ የወጣ እየመሰለኝ ቶሎ እሸነፍላት ጀመር። የዚያን ቀን ጠዋት የሆነውም ይኸው ነው።

ሚያዝያ ነበር፤ ፋሲካ ካለፈ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። የበልጉ ዝናብ ጀምሮ ቆም ብሎ፣ ሆሳዕና አቧራ በአቧራ ሆናለች። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ቅዳሜ ጠዋት ትምህርት ቤቱ የላይኛ ክፍል ተማሪዎችን ለችግኝ ጉድጓድ ቁፋሮ ከከተማ ውጭ፣ ከወንዙ ማዶ ወዳለው ኮረብታ ይዞ ይወጣል ተባለ። በዚያ የአብዮት ዘመን ልጄ ለዘመቻ ሥራ አትወጣም ማለት ያስጠይቃል። ስለዚህ እሱን አልተከራከርኩም። የተከራከርኩት ስለ ሹራቡ ነው።

«እማዬ፣ ሰው ይስቅብኛል። ለቁፋሮ ሹራብ ለብሶ የሚሄድ የለም።»

«ደመና ቢመጣስ?»

«የታለ ደመናው? አሳዪኝ።»

ቀና ብዬ አየሁ። ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን ነው።

«ደግሞ መምህራችን ሹራብ የለበሰ አይቆፍርም ብለዋል» አለች።

ይኼ ውሸት እንደነበር ከዓመታት በኋላ ነግራኛለች። ያን ጊዜ ግን መምህር ካሉማ ብዬ ሹራቡን መልሼ አጥፌ አልጋው ላይ አስቀመጥኩት። በስስ ቀሚስና በላስቲክ ጫማ፣ መቆፈሪያዋን ተሸክማ፣ ከጎረቤቴ ልጅ ጋር እየተሳሳቁ ወጡ። ከተወለደች ጀምሮ ያለ ሹራብ ከደጃፌ ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነበር። አባቷ ሰምቶ «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ጎመኑ ተፈታ» ብሎኝ ወደ ሥራው ሄደ።

ሰባት ሰዓት ላይ ምሳ ሊበላ መጣ። እጁን እየታጠበ ይስቃል።

«ዛሬ መናኸሪያው ላይ ጉድ አየን። ከሺንሺቾ የመጣው አውቶቡስ በረዶ ጭኖ ገባ። ጣሪያው ላይ ዕቃ በሸፈኑበት ሸራ እጥፋት ውስጥ፣ እፍኝ እፍኝ የሚሆን። ተሸካሚዎቹ እያነሱ በሴቶቹ አንገት ውስጥ ሲጨምሩ ብታዪ! እዚህ ፀሐይ፣ እዚያ በረዶ።»

የጠቀለልኩትን ጉርሻ መልሼ አስቀመጥኩ።

«ወደዚህ እየመጣ ይሆን?»

«ማን? አውቶቡሱ? መጥቷል እኮ።»

«በረዶው!»

«ሺንሺቾ የት፣ እኛ የት! ብይ አሁን።»

አልበላሁም። ወጥቼ ደጃፍ ላይ ቆምኩ። በደቡብ በኩል፣ ከኮረብታዎቹ በላይ፣ አንድ ጥቁር ነገር ዳር እስከ ዳር ተዘርግቷል። ደመና አይመስልም፤ ግድግዳ ነው። ከሥሩ ነጣ ያለ ነገር ይታያል። ዶሮዎቹ ማንም ሳያባርራቸው ወደ ቤት ገቡ። ከዚያ ነፋሱ መጣ፤ ግን ያ የምናውቀው የሞቀ ነፋስ አልነበረም። ክንዴን ሲነካኝ ከቀዝቃዛ ጉድጓድ የወጣ ውሃ የደፉብኝ መሰለኝ። ከገበያው በኩል አቧራው፣ ላስቲኩ፣ የአንድ ሰው ባርኔጣ አብረው ተነሡ። ባለቤቴ ምሳውን ትቶ የስፌት መኪናውን ሊያስገባ ሮጠ። እኔ ሹራቡን ከአልጋው ላይ አንሥቼ በደረቴ ያዝኩት። ለምን እንደያዝኩት አላውቅም፤ የት ልወስደው?

በረዶው ቆርቆሯችን ላይ ሲወርድ ጠጠር የጫነ መኪና የገለበጠብን ነው የመሰለኝ። ብጮህ ድምፄ ለራሴም አይሰማኝም። በመስኮት ሳይ የጓሮዬ እንሰት ቅጠል ተተልትሎ የአሮጌ ጨርቅ ቁራጭ መስሏል። መብረቁ ደጋግሞ ይወርዳል። ከበረዶው ቀጥሎ ዶፍ ዝናብ ሆነ። እሱ ጋብ ሲል ትንፋሼ እንደ ጭስ ሆኖ ታየኝ፤ ቤት ውስጥ! ጠዋት ላብ ያላበኝ ሴት ጥርሴ ይንገጫገጭ ጀመር። ብርዱን በራሴ ላይ ስሰማው የማስበው ያንን ስስ ቀሚስ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ልጆቹ እየሮጡ መጡ። ሁሉም የኮባ ቅጠል ራሳቸው ላይ ይዘዋል፤ ቅጠሉ ግን በረዶው ቦጫጭቆት ከጅማቱ በቀር የቀረ ነገር የለውም። የጎረቤቴን ልጅ ትከሻዋን ይዤ አስቆምኳት።

«እሷስ? እሷስ የት አለች?»

«እትዬ… ወንዙን ስንሻገር ጫማዋ ወለቀ። ውሃው ወሰደው። ልትከተለው ወደ ኋላ ተመለሰች። ከዚያ ውሃው በአንድ ጊዜ መጣ።»

«አየሻት? ውሃው ሲመጣ አየሻት?»

ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች። ሌላ አልጠየቅኳትም።

ወንዙ ድረስ በምን እግር እንደሄድኩ አላውቅም። በበጋ ልጆች ድንጋይ ከድንጋይ እየዘለሉ የሚሻገሩት ወንዝ ነው። ያን ዕለት ቀይ ጭቃ ሆኖ ከነቁጥቋጦው፣ ከነግንዱ እየተግተለተለ ይወርዳል። ከወዲህ ማዶ ሆኜ ስሟን ጠራሁ። ጫፉ ላይ ቆሜ ሹራቡን እንደ ባንዲራ አውለበለብኩ፤ ከሩቅ ካየችው ታውቀዋለች ብዬ ነው። ባለቤቴና ሁለት የሰፈር ሰዎች ደርሰው ክንዴን ይዘው መለሱኝ። ባለቤቴ አልቀለደም። ሰዎች ላይኛው ድልድይ ድረስ ሄደው ሊፈልጓት ተነሡ፤ እኔ ቤት ሆኜ እንድጠብቅ ተነገረኝ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አንድ ሰው ደጃፋችን ላይ ቆመ። ዕድሜው ሃምሳ የሚሆን ገበሬ ነው፤ ቡሉኮ ተከናንቧል፤ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። በእጁ የልጄን ጫማ ይዟል። አንዱን ብቻ።

«የልጅ እናት?» አለ።

«ነኝ።»

ጫማውን በሁለት እጁ አቀረበልኝ፤ አንገቱንም ጎንበስ አደረገ።

«ብርድ» አለ። አማርኛው ከገበያ የተለቀመ፣ ጥቂት ነው። «ብርድ በጣም። ሹራብ የለም። ወንዝ አጠገብ አገኘሁ። ተሸከምኩ። እኔ ቤት… አረፈች።»

«ምን አሉኝ?»

ያልሰማሁት መስሎት ድምፁን ከፍ አደረገ።

«አርፋለች! ልጅ፣ እኔ ቤት፣ አርፋለች!»

መሬቱ ተነሥቶ መታኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን የሰፈሩ ሰው ነው የነገረኝ። ጫማውን ይዤ መጮሄን፣ ጎረቤቶቼ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መሮጣቸውን፣ ባለቤቴ ግድግዳውን በግንባሩ መምታቱን። አንዲት መበለት ጎረቤት ነበሩኝ፤ ባላቸው ከሰሜን ለመንግሥት ሥራ መጥተው እዚሁ የሞቱባቸው፣ አንደበታቸው ስለታም። ደረታቸውን እየደቁ «ያቺን ሹራብ! ያቺን ሹራብ አንድ ቀን ብትለብሺ ምን ነበረበት ልጄ!» እያሉ ሙሾ አወጡ። እኔን ሲስቁብኝ የኖሩ ሴቶች ሁሉ ስለ ሹራቡ አለቀሱ። በዚያ ዘመን ተገድለው፣ ማልቀስ ስለተከለከለ እናቶቻቸው ጮክ ብለው ያላለቀሱላቸው ልጆች ነበሩ። በየጓዳው ተይዞ የቆየው እንባ ሁሉ የዚያን ቀን እኔ ቤት ሳይፈስ አልቀረም።

ሰውዬውም አለቀሰ። ቡሉኮውን ፊቱ ላይ አድርጎ ጥግ ተቀምጦ፣ ከሁላችንም ባልተናነሰ ድምፅ አለቀሰ። በልቤ «ደግ ሰው ነው፣ የሰው ልጅ እንደ ራሱ ልጅ ሆናበት» አልኩ።

መበለቷ ቀድመው የእድሩን ጥሩምባ ነፊ አስጠርተው ኖሯል። ድንኳኑም ከእድር ቤት ተነሥቶ በሁለት ሰው ሸክም መንገድ ላይ ነው። ጥሩምባ ነፊው ተወልዶ ያደገው በሀዲያ ገጠር ነው፤ ሥራውን የሚያውቅ፣ የማይቸኩል ሰው። ጥሩምባውን ከመንፋቱ በፊት ለሰፈሩ የሚለፍፈውን ማወቅ አለበት፦ ማን እንደሞተ፣ ቀብሩ መቼና የት እንደሆነ። ባለቤቴ አጠገብ ቁጢጥ አለ።

«እግዚአብሔር ያጥናችሁ። አስከሬኑ የት ነው ያለው?»

ባለቤቴ በእጁ ወደ ገበሬው አመለከተ። ጥሩምባ ነፊው ዞሮ በሀዲይኛ ጠየቀው። ሰውዬው ቡሉኮውን ከፊቱ ላይ አወረደ። ማልቀሱንም አቆመ። መልሶ አንድ ነገር ጠየቀ። ጥሩምባ ነፊው መለሰለት። ሰውዬው ከተቀመጠበት ብድግ ብሎ እጁን እያወናጨፈ ይናገር ጀመር፤ እኔን ያሳያል፣ ጫማውን ያሳያል፣ አፉን ያሳያል።

ጥሩምባ ነፊው ጥሩምባውን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር፤ እየሳቀ ኖሯል።

«ሴቶች፣ ዝም በሉ!» አለ። «ዝም በሉ እንጂ! ምን ሬሳ ነው የምትለው ይለኛል። እኔ ስወጣ ቆጮ በጎመን እየበላች ነበር፤ ሚስቴ ሁለተኛ ጨምራላታለች ይላል። ደክሟት ነበርና ጋደም ብላለች፣ አርፋ ተቀምጣለች ማለቱ ነው። አርፋለች ያለው ለዚያ ነው!»

የያዝኩትን ጫማ ወደ ላይ አነሣሁ።

«ጫማውስ?» አልኩ። ድምፄ የእኔ አይመስልም።

ጠየቀልኝ። «ራሷ ናት የሰጠችኝ ይላል። እናቴ ተጠራጣሪ ናት፣ ምልክት ካላየች አታምንም ብላ። አንዱ ጫማ ለእኔ ምን ይረባኛል፣ ይውሰዱት ብላ።»

ይኼ የእሷ ንግግር ነው። በማንም አፍ ቢመጣ አውቀዋለሁ። ያን ጊዜ አመንኩ።

«ታዲያ እርስዎ ምን ያስለቅስዎታል?» ብለው መበለቷ ገበሬውን በቁጣ ጠየቁት።

መልሱ ተተረጎመ፦ «ገብቼ ሳልቀመጥ ሁሉም ጮኸ። ከእኔ ጋር አብሮ የሌላ ሰው መርዶ የመጣ መሰለኝ። ምስኪን፣ ልጇ በተረፈችበት ቀን ሌላ ሰው ሞተባት ብዬ አዘንኩላት። ለቅሶ ቤት ገብቶ በደረቅ ዓይን መቀመጥ በእኛ ነውር ነው።»

ባለቤቴ ነው መጀመሪያ የሳቀው። እንባው ሳይደርቅ፣ ግንባሩ አብጦ፣ መሬት ላይ ተንከባሎ ሳቀ። ከዚያ ሁሉም ሳቀ። እኔ በጉልበቴ ሄጄ የሰውዬውን ጭቃ እግር ያዝኩና እንደገና አለቀስኩ። እሱ ደንግጦ ጥሩምባ ነፊውን አንድ ነገር ጠየቀ። «አሁን ደግሞ ማን ሞተ? ይላል» አለን ጥሩምባ ነፊው።

ደጃፍ ላይ የደረሱት ድንኳን ተሸካሚዎች ሸክማቸውን ሳያወርዱ ወደ መጡበት ተመለሱ።

ፀሐይዋ ሳትገባ ገበሬው፣ ባለቤቴና እኔ ተነሣን። በላይኛው ድልድይ ዞረን ሄድን፤ ሊፈልጓት የወጡትንም መንገድ ላይ አግኝተን አብረን ደስ አለን። መሬቱ ነጭ ነው። በረዶው ከእግራችን ሥር ይንቋቋል፤ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። እንዲህ ያለ ብርድ በሐምሌም አላውቅም። ሹራቡ በብብቴ ሥር ነው።

የገበሬው ቤት ሰፊ የሣር ቤት ነው። በአንዱ ወገን ሰው፣ በሌላው ወገን ከብት ያድርበታል። ስገባ ፊቴን የመታኝ ሙቀት ነው፤ የእሳት ብቻ ሳይሆን የከብት ትንፋሽም። ልጄን ከጓሮ አቧራ፣ ከእንስሳ ጠረን፣ ከጭስ ስጠብቅ የኖርኩ ሴት ነኝ። ልጄ ጭድ ላይ፣ በሴትዮዋ ጋቢ ተጠቅልላ፣ ጀርባዋን ለአንዲት ጥጃ አስደግፋ ተቀምጣለች። ጉንጯ ቀይ ሆኗል። ጎመኑ አገጯ ላይ አለ።

«እማዬ! ሹራቤን አመጣሽልኝ?»

አመጣሁ። ከብብቴ አውጥቼ ሰጠኋት። ውሃ ሆኖ ነበር። ወንዙ ዳር ሳውለበልበው ጎርፉ ውስጥ እየተነከረ የጠጣውን ውሃ ጨምቄ ማውጣት እንኳ አልታወሰኝም። ሴትዮዋ ከልጄ እጅ ወሰደችው። ደጅ ወጥታ ጠመዘዘችው፤ አንድ እንስራ የሚሞላ ውሃ የወጣው መሰለኝ። ተመልሳ ምድጃው አጠገብ ሰቀለችልኝና አንድ ነገር ተናግራ ሳቀች። ያለችው አልገባኝም፤ እኔም ሳቅሁ። ጆሮዬን ከልጄ ደረት ላይ አድርጌ አዳመጥኩ። ጥርት ያለ ነው። ለማረጋገጥ እንደገና አዳመጥኩ።

«እማዬ፣ በቃ! ሰው ያያል» አለች። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ውሃው ሲመጣ አንቺን ጠራሁሽ» አለችኝ።

«ሰምቼሻለሁ» አልኳት። አልሰማሁም ነበር።

እዚያው አደርን። ጠዋት ስንወጣ ሰማዩ ጠርቷል፤ ብርዱ ግን እንዳለ ነው፤ ከዚያም በኋላ ሦስት ቀን አልለቀቀንም። የገበሬው እንሰት በሙሉ ተበጣጥሷል። የእኔን ልጅ ሊያድን ሲሮጥ የእሱ ማሳ እንደዚያ ሆኖ ነበር። ፈዝዤ ስመለከት አይቶ በዚያች አማርኛው አጽናናኝ፦

«ቅጠል ነው። ቅጠል ሄደ። ሥር አለ።»

እኔ እዚያ ከተማ ተወልጄ ነው ያደግኩት። ወላጆቼ ከጉራጌ አገር ለንግድ መጥተው እዚያው ቀሩ። ሠላሳ ምናምን ዓመት ከሀዲያ ሰው ቅቤና ጎመን ስገዛ ስኖር፣ ስንት ነው፣ ቀንስልኝ፣ ጨምርልኝ ከማለት ያለፈ ቋንቋቸውን አላውቅም ነበር። ያ ሰው ግን የማያውቀውን ቋንቋዬን እየገጣጠመ በጭቃ ያን ሁሉ መንገድ መጥቶልኛል። አፈርኩ። ከዚያ በኋላ ቤተ ዘመድ ሆንን፤ ገበያ ሲወጡ እኔ ቤት ሳይገቡ አይመለሱም። ሚስቱን በመጀመሪያው ሳምንት፣ ጥሩምባ ነፊው እያስተረጎመልኝ፣ አንድ ነገር ለመንኳት። «አርፋለች» እና «ሞተች» በእናንተ ምን ይባላል? አስተማረችኝ። በእነሱ ቋንቋ ሁለቱ ቃላት በምንም አይመሳሰሉም። ሰውየው ምን ያህል ንጹሕ ወሬ ይዞ እንደመጣ ያን ጊዜ ገባኝ።

መበለቷ ጎረቤቴ ግን በቀላሉ አልለቀቁኝም። እሑድ ስንመለስ በር ላይ ቆመው ልጄን ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

«አንቺ፣ እኔ አልቅሼልሻለሁ። ቁጠሪልኝ። ሌላ ቀን ብትሞቺ አልመጣም።»

«እሺ እማማ» አለች ልጄ፤ «እኔም አንድ ቀን ለእርስዎ አልቅሼ ብድሬን እመልሳለሁ።»

«ምላሷስ ሳምባ ምች አይዘውም!» ብለው እየሳቁ ሄዱ።

ሰኞ ጠዋት ብርዱ እንዳለ ነው። የእግሯን ጫማ አባቷ ከገበያ ሌላ አግኝቶላታል። የደረቀው ሹራብ የምድጃ ጭስ ጭስ ይሸታል። ልበሺ አላልኳትም፤ ራሷ አንሥታ ለበሰችው። ምንም እንዳልል ከንፈሬን ነክሼ ቆምኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት ቁልፍ ዘጋች። በሩ ድረስ ሄደች። እዚያ ቆም ብላ፣ ወደ እኔ ሳትዞር፣ ስድስተኛውንም ዘጋችው።